የሹፌሩ ክስ የነጋዴውም ሒሳብ ነው

ሄርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የንግድ መገናኛ እንደነበረች የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ሸቀጡን የሚያጓጉዘው ሲራራ ነጋዴ በበቅሎ ነበር። ዛሬ ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከማናና ከሊሙ የሚወጣው ቡና በአይሱዙና በተሳቢ ይጫናል፤ ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የአዲስ አበባ መንገድም ሰኮሩን አልፎ፣ ግቤ በረሃን ወርዶ፣ በወልቂጤና በወሊሶ በኩል ይጨርሰዋል። ነጋዴው መኪናው ከመነሳቱ በፊት የቡናውን ዋጋ፣ የጭነት ኪራዩንና የደላላውን ኮሚሽን አስልቶ ያበቃል። ከሒሳቡ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገባ አንድ ወጪ ግን አለ። እርሱም የሹፌሩ ክስ ነው።

“ያጠፋው ሹፌሩ ነው፤ ቅጣቱንም ራሱ ይክፈል” የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ባለንብረቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ለመንገድ ዳር ቅጣት ይህ አባባል በከፊል ያስኬዳል። የሰው ሕይወት ወይም አካል የተጎዳ እንደሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአገሪቱ ሕግ ሹፌሩን በአንድ በር፣ ባለንብረቱን በሌላ በር ይጠራቸዋል። ሹፌሩ ያለበቂ መከላከያ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ የሚጎዳው የእርሱ ነፃነት ብቻ ሳይሆን የነጋዴው ካፒታል ጭምር መሆኑን ከዚህ በታች ከሚቀርበው ማብራሪያ መረዳት ይቻላል።

ከአንድ አደጋ ሦስት መዝገብ

ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በኅዳር ወር አንድ የጅማ ነጋዴ አይሱዙ ከጌራ እሸት ቡና ጭኖ ወደ አጋሮ መፈልፈያ ጣቢያ ይጓዛል። አመሻሹ ላይ አንዲት ቀበሌ ሲደርስ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ይገጫል፤ ሰውዬውም ሕይወቱ ያልፋል። ከዚህ አንድ አደጋ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ይወለዳሉ።

የመጀመሪያው የትራፊክ ደንብ መተላለፍ ነው። ይህ በገንዘብ ቅጣትና በመንጃ ፈቃድ ላይ በሚወሰድ እርምጃ ይጠናቀቃል። ሁለተኛው የወንጀል ክስ ሲሆን ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ፣ ተከሳሹ ደግሞ ሹፌሩ ነው። ሦስተኛው የሟች ቤተሰብ የሚያቀርበው የካሣ ክስ ነው። በዚህኛው በቀጥታ የሚጠራው ባለንብረቱ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው የማስረጃ ሚዛን አላቸው። ሆኖም ሦስቱም የሚመነጩት በአደጋው ቦታ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሚጻፉ ጥቂት ወረቀቶች ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ነጥቡ

የትራፊክ ፖሊስ የቅጣት ወረቀት ሲጽፍ ሹፌሮች “ከሰሰኝ” ይላሉ። ይህ ትንሹ ክስ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 የገንዘብ ቅጣቱን ከጥፋት ነጥብ ምዝገባ ጋር በማያያዙ ለሹፌሩ ከብሩ ይልቅ ነጥቡ የሚያስፈራ ሆነ። በየካቲት 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የታክሲ ሹፌሮች ሥራ ያቆሙት በዚሁ ሳቢያ ነበር። መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ሹፌር የዕለት ገቢው ይቆማልና። መንግሥት ያን ጊዜ አፈጻጸሙን ለሦስት ወር አራዘመው። ደንቡ በ2009 ዓ.ም. በቁጥር 395/2009 ተሻሻለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557/2016 ወጣ።

በመሆኑም “አነስተኛ ቅጣት ነው” ብሎ ያልተገባን ክስ ዝም ብሎ መክፈል አትራፊ ውሳኔ ላይሆን ይችላል። ሹፌሩ ወረቀቱን ሲቀበል ታርጋው፣ ቦታው፣ ሰዓቱና የተጻፈው ጥፋት ትክክል መሆናቸውን ማየት አለበት። ቅሬታ ካለውም በጊዜው ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያቅርብ። የቅጣት ወረቀቶችን ኮፒ በየመኪናው ፋይል የሚይዝ ባለንብረት ሹፌሩ ምን ያህል ነጥብ እንደተጠራቀመበት አስቀድሞ ያውቃል።

ከዚህ ጋር ሳይነሳ የማይታለፍ ነገር “የሻይ” የሚባለው ነው። ለፖሊስ ጉቦ መስጠት በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ለሰጪውም ወንጀል ነው። በጥቂት መቶ ብር የሚያልቅ የደንብ መተላለፍ ወደ ሙስና ክስ እንዲያድግ ማድረግ በየትኛውም ሒሳብ ኪሳራ ነው።

ከአንድ ዓመት እስከ 15 ዓመት

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ተራ ቸልተኝነትን ይመለከታል። ቅጣቱም ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ነው። ሁለተኛው እንደ ሐኪምና እንደ ሹፌር ያሉትን፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለባቸውን ሰዎች የሚመለከት ነው። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። የንግድ መኪና ሹፌር እንግዲህ ከመነሻው የሚቆመው በሁለተኛው እርከን ላይ ነው።

ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ከባዱ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሞቱ እንደሆነ፣ ወይም ግልጽ የሆኑ ደንቦችን በመተላለፍ የተፈጸመ እንደሆነ፣ ወይም ሹፌሩ መጠጥ ወይም አደንዛዥ ነገር ወስዶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይሆናል።

የክርክሩ ዋና ሜዳ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረው ድልድይ ነው። ዐቃቤ ሕግ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድቷል፣ ከመጠን በላይ ጭኗል፣ ከጭነት ላይ ሰው አሳፍሯል የሚሉ ፍሬ ነገሮችን የሚደረድረው ጉዳዩን ወደዚያ ለማሻገር ነው። መከላከያው በበኩሉ ሁለት ነጥቦችን ይይዛል። አንደኛው፣ ተጣሰ የተባለው ደንብ በእርግጥ ስለመጣሱ ማስረጃው ምንድን ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ተጥሶም ቢሆን ለሞቱ ምክንያት የሆነው እርሱ ነው ወይ? የሚል ነው። የቦሎ ጊዜው ያለፈበት መኪና ደንብ ጥሷል፤ ይሁንና እግረኛው በድንገት ከቁጥቋጦ ውስጥ ዘሎ የገባ ከሆነ የቦሎው ጉዳይ ከሞቱ ጋር መያያዙ ሊያከራክር ይችላል። ሕጉ ጥፋት በሌለበት፣ ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ በደረሰ ነገር ማንም በወንጀል እንደማይቀጣ በአንቀጽ 57 ደንግጓልና።

ነጋዴው እዚህ ላይ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። ተጨማሪ ኩንታል እንዲጫን ያዘዘው ማን ነው? “ነገ ጠዋት አዲስ አበባ መድረስ አለብህ” ያለው ማን ነው? ዐቃቤ ሕግ ለሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ የሚያቀርባቸው ፍሬ ነገሮች ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጁት በመጋዘን በር ላይ እንጂ በመንገድ ላይ አይደለም። በትርፍ ጭነት የተገኘችው ጥቂት ብር ሹፌሩን ከቀላል እስራት ወደ ጽኑ እስራት ልታሸጋግር ትችላለች።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

በአደጋ ጊዜ የሹፌሩ የመጀመሪያ ግዴታ ተጎጂውን መርዳት ነው። ጥሎ መሄድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ሲሆን፣ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ሹፌሩ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። በስፍራው ለሕይወቱ የሚያሰጋው ነገር ካለ ቶሎ ወደ ቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማሳወቅ አማራጭ የሌለው እርምጃ ነው። ተጎጂውን መርዳትና ራስን ለፖሊስ መስጠት ኋላ ቅጣት ሲለካ ማቅለያ ሆነው ይቆጠራሉ።

ከዚያ የሚከተለው ፕላን ነው። የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳው የአደጋ ፕላን የመንገዱን ስፋት፣ የጎማ ፍትጊያ ምልክቱን፣ ግጭቱ የደረሰበትን ነጥብና መኪናው የቆመበትን ቦታ የሚያሳይ ንድፍ ነው። ከወራት በኋላ ዳኛው ፊት የሚቀርበው መንገዱ ሳይሆን ይህ ወረቀት ነው። የፍሬን ምልክቱ ርዝመት በስህተት ከተጻፈ ፍጥነቱም በስህተት ይገመታል። ስለሆነም ባለንብረቱ ወይም ወኪሉ ወዲያው ወደ ቦታው ሄዶ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ የዓይን ምስክሮችን አድራሻ መያዝ፣ ዝናብና ጨለማ እንደነበረ፣ የመንገድ ምልክት እንዳለና እንደሌለ መመዝገብ ይኖርበታል። የፕላኑን ስህተት በሦስተኛው ቀን ማሳየትና በስድስተኛው ወር ማሳየት አንድ አይደሉም።

ሦስተኛው ቃል መስጠት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ የመረዳት፣ ያለመናገር መብት ያለው መሆኑን የማወቅና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት ሰጥቶታል። ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በድንጋጤ ላይ ያለ ሹፌር “ጥፋቱ የእኔ ነው” ብሎ የሚፈርማት አንዲት ቃል ከማንኛውም ምስክር ይልቅ ልትከብደው ትችላለች። የሆነውን መካድ አይገባም፤ ያልተረጋገጠውን ማመንም እንዲሁ። ፍጥነቱን ያላየ ሹፌር በግምት “ሰማንያ ነበርኩ” ቢል ግምቱ ማስረጃ ሆኖ ይመለስበታል።

ዋስትናን በተመለከተ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ያስቀመጠው መስመር ጽኑ እስራት በማያስከትሉ ጉዳዮች ፖሊስም ጭምር በዋስ ሊለቅ እንደሚችል ነው። ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ሰው ሲሞትበት ወይም ሊሞት ይችላል ሲባል ግን ዋስትናው ጥያቄ ውስጥ ይገባል። የአንቀጽ 543 ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ጣሪያው 15 ዓመት በመሆኑ፣ ክሱ በየትኛው ንዑስ አንቀጽ ተመሠረተ የሚለው ሹፌሩ ቤቱ ሆኖ ይከራከራል ወይስ እስር ቤት ሆኖ የሚለውን ሊወስን ይችላል።

መኪናውና ጭነቱ

ከአደጋው በኋላ መኪናው በፖሊስ ጣቢያ ይቆማል። ለነጋዴው ዋናው ወጪ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ደረቅ ቡና ጥቂት ቀን ቢቆይ የኪራይና የዋጋ ለውጥ ጉዳይ ይሆናል። በምሳሌው እንደተጠቀሰው እሸት ቡና ከሆነ ግን በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል። አንድ ሌሊት ያደረ እሸት በማግስቱ ሌላ ዕቃ ነው።

ጭነቱ ራሱ የወንጀሉ ማስረጃ እስካልሆነ ድረስ ባለንብረቱ ወደ ሌላ መኪና እንዲገላበጥለት ወዲያው በጽሑፍ ማመልከት አለበት። የክብደቱ መጠን ሊያከራክር የሚችል ከሆነ ከመገላበጡ በፊት ተመዝኖ ቃለ ጉባዔ እንዲያዝ መጠየቁ ለራሱ ይጠቅመዋል፤ ትርፍ ጭነት ተጭኖ ነበር ለሚለው ክስ መልሱ ያ ወረቀት ነውና። የቡናው መሸኛ ከሌለ ወይም ከጭነቱ ጋር ካልተመሳከረ ጉዳዩ የትራፊክ መሆኑ ቀርቶ የቡና ግብይት ሕግ ጥሰት ይሆናል።

መኪናው ከመለቀቁ በፊት የቴክኒክ ምርመራ ይደረግበታል። የምርመራው ውጤት ሁለት ስለት ያለው ቢላዋ ነው። “ፍሬን በጠሰብኝ” የሚለው መከላከያ ሹፌሩን ሊያድነው የሚችለው ብልሽቱ ድንገተኛ ሲሆን ነው። ፍሬኑ ከሰነበተ ጀምሮ የተበላሸ መሆኑ ከተረጋገጠ ቸልተኝነቱን ያጠናክራል። የጋራዥ ደረሰኞችን በቀን በቀናቸው ያስቀመጠ ባለንብረት ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው።

ሹፌሩ በነፃ ቢለቀቅም

ብዙ ነጋዴዎችን የሚያስደነግጠው ክፍል ይኸኛው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርለትም። የሚድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ፣ ወይም በአንቀጽ 2086 መሠረት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ካሳየ ነው። የአደጋው ምክንያት አይታወቅም፣ ጥፋቱ የሦስተኛ ሰው ነው የሚሉ ምክንያቶች አያድኑትም። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ደግሞ በአንቀጽ 2084 እኩል እንዳጠፉ ተቆጥሮ የጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ይህ የሚለወጠው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት የደረሰ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

አንቀጽ 2149 ደግሞ በወንጀል ችሎት በነፃ መሰናበት የካሣ ክስ የሚያየውን ፍርድ ቤት እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ስለዚህ “ሹፌሩ በነፃ ወጥቷል” ማለት “ባለንብረቱ አይከፍልም” ማለት አይደለም። በአንጻሩ በወንጀሉ ክርክር ላይ የተጎጂው ጥፋት በምስክርና በፕላን ከተመዘገበ ያ ማስረጃ በካሣው ክርክር ላይ ለባለንብረቱ ብቸኛው መውጫ በር ሊሆንለት ይችላል። ለሹፌሩ ጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ እንደ ልግስና ሳይሆን እንደ ንብረት ጥበቃ መታየት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

መድን እንዳለው የሚተማመን ነጋዴም ውሉን ደግሞ ማንበብ ይኖርበታል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መድኑን ግዴታ አድርጎታል፤ ሆኖም አዋጁ ሲወጣ ለሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። የጣሪያው መጠን በየጊዜው ሊሻሻል ቢችልም ጣሪያ መኖሩ አይቀርም። ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ካሣ ከወሰነ ልዩነቱ ከባለንብረቱ ኪስ ወይም ተጨማሪ ከገባው የመድን ውል ይሸፈናል። በመድን ውሎች ዘንድ የተለመዱት ቅድመ ሁኔታዎችም የታወቁ ናቸው፦ አደጋውን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ማሳወቅ፣ ለመኪናው ዓይነት የሚመጥን መንጃ ፈቃድ፣ ከአቅም በላይ አለመጫን፣ ያለመድን ድርጅቱ ፈቃድ ኃላፊነትን አምኖ አለመቀበል። ከሟች ቤተሰብ ጋር በሽማግሌ መታረቅ የአገር ወግ ነው፤ ሰላምም ያወርዳል። ነገር ግን የዕርቁ ሰነድ መድን ድርጅቱ ሳያውቀው የተፈረመ እንደሆነ ነጋዴው በአንድ እጁ ታርቆ በሌላው ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል።

ሹፌሩና ሥራው

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ከ30 ቀን ለማይበልጥ ጊዜ ቢታሰርና አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ እንዲያውቅ ቢደረግ የሥራ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። ውሉን ያለማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ የሚያበቃው ሠራተኛው በእስራት ተፈርዶበት ከ30 ቀን በላይ ከሥራ ሲለይ ነው። በመሆኑም በተያዘ ማግስት ሹፌሩን ያሰናበተ ባለንብረት አራተኛ መዝገብ በራሱ ላይ ይከፍታል። ከዚህም በላይ የተባረረና የተከፋ ሹፌር የአደጋውን ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ምስክር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ጠበቃ ከየት?

የወንጀል ክስ የሚታየው በመሠረቱ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት ነው። ከጅማ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ሰኮሩ ላይ ቢገጭ ጉዳዩ በኦሮሚያ ፍርድ ቤት በአፋን ኦሮሞ ይታያል። ወልቂጤ ላይ ቢሆን በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በአማርኛ ይሆናል። ወሊሶ ሲደርስ እንደገና ኦሮሚያ ነው። አዲስ አበባ ያለው ጠበቃ የፌዴራል ፈቃድ ብቻ ከሆነ ያለው በክልሉ ፍርድ ቤት ለመቆም የክልሉን ፈቃድ ይጠየቃል። ቋንቋውን የማያውቅ ሹፌር አስተርጓሚ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተረጋግጦለታል። በዚሁ አንቀጽ መሠረት ለጠበቃ የመክፈል አቅም የሌለውና ያለጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ ያገኛል። በጅማና አካባቢው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎትም አቅም ለሌላቸው የሚጠቅም ነው።

ከመነሳት በፊት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የንግድ ትምህርት ቀላል ነው። የሹፌሩ መከላከያ የሚጀምረው አደጋ ሲደርስ ሳይሆን መኪናው ሲጫን ነው። መንጃ ፈቃዱ ለመኪናው የሚመጥን መሆኑ፣ ቦሎውና ሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜያቸው ያላለፈ መሆኑ፣ የሚዛን ወረቀቱ፣ መሸኛውና የጋራዥ ደረሰኙ በአንድ ቦርሳ መያዛቸው ብዙ ወጪ የለውም። የጠበቃና የመድን ድርጅቱ ስልክ በሹፌሩ ኪስ መኖሩም እንደዚሁ። በመንገዱ ላይ ባሉት ከተሞች አንድ ጠበቃ አስቀድሞ ማወቅ በአደጋ ሌሊት ከመፈለግ ይረክሳል።

የአንድ ጉዞ ትርፍ የሚለካው በመድረሻው ዋጋ ብቻ አይደለም። በትርፍ ኩንታልና በተጣደፈ ሰዓት የተገኘው ብር የሰው ሕይወት ካጠፋ፣ ሹፌሩን ካሰረና ባለንብረቱን ለካሣ ካስጠራ ከመነሻውም ትርፍ አልነበረም። የሄርማታ ነጋዴ የጭነት ኪራይ ሲደራደር ይህን መሥመር በሒሳቡ ውስጥ ቢያስገባ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀመው መንገዱን የሚያቋርጠው እግረኛ ነው።